«ከርእሱ ወጥተሃል»፤ ስለ ፀሐይ ኃይል አስተምህሮአችን የቀረበ ሂስ

ሂስና ግለ ሂስ የሚለው አነጋገር አንድ ጊዜ በየስብሰባው ሲደጋገም ኖሮ ኋላ የተሰለቸ ቢሆንም፣ ነገሩ ራሱ ለመምህር ከቶ የሚያረጅ አይደለም። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የሌላውን ከመንቀፋችን በፊት የራሳችንን ጥፋት ይዘን ቀርበናል። ጥፋቱ የተፈጸመው በቀይ እስክሪብቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የአማርኛና የኬሚስትሪ መምህራን ተስማምተን ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች «ንጹሕ የኃይል ምንጭ» የሚል የድርሰት ርእስ ሰጠን። የቀረቡልን ድርሰቶች አብዛኞቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከአንድ ደብተር የተገለበጡ ይመስሉ ነበር። ፀሐይ የማታልቅ ሀብት ናት፤ ጭስ የላትም፤ ድምፅ የላትም፤ አገራችን የ13 ወር ፀሐይ ባለቤት ናት፤ በቃ። እኛም ሰባትና ስምንት እየሰጠን አለፍን። ለየት ያለው አንድ ድርሰት ብቻ ነው።

ጸሐፊው በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲነሣ ከእናቱ ጋር በመተማ በኩል ከተመለሱት ልጆች አንዱ ነው። እናቱ በካርቱም ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር፣ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ልጁ ስለ ፀሐይ በሦስት መስመር ጽፎ ጨረሰና ቀሪውን ሁለት ገጽ በሙሉ ስለ ባትሪ ጻፈው። ጣሪያው ላይ ስድስት የፀሐይ ሰሌዳ፣ ሕዝቡ «ሶላር» የሚለው፣ ነበረ። ከደረጃው ሥር ደግሞ አራት ትልልቅ ባትሪ ነበረ። የመንግሥት መብራት በጠፋ ቁጥር ቤቱ የሚያመሸው በእነዚህ ነው። የልጁ ሥራ በየሳምንቱ ክዳናቸውን እየከፈተ የተጣራ ውኃ መጨመር ሲሆን፣ የእርሱና የእናቱ ፍራሽ የሚዘረጋውም እዚያው አጠገብ ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ ባትሪው እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በሁለተኛው ዓመት ባትሪዎቹ ሞቱ። ጋሪ የያዘ ሰው መጣ፤ በውስጣቸው ያለውን ፈሳሽ ከአጥሩ ሥር ደፍቶ፣ ቀፎአቸውን ጭኖ ሄደ። ሰሌዳዎቹ ግን ጦርነቱ እስከ ተጀመረበት ቀን ድረስ አንዲት ጭረት እንኳ አልነበረባቸውም። «ፀሐይዋ የነበረችው ጣሪያ ላይ ነው፤ እኛ የምንኖረው ግን ከባትሪው ጋር ነበር» ብሎ ድርሰቱን ዘጋ።

እኛም ከግርጌው «ከርእሱ ወጥተሃል» ብለን በቀይ ጽፈን 4 ከ10 ሰጠነው።

ልጁ ምንም ሳይናገር ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ነገሩን ያስታወሰን የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ሲጸዳ ከጥግ የተገኙት ሦስት የሞቱ ባትሪዎች ናቸው። ያን ጊዜ ድርሰቱን መልሰን ጠየቅነውና እንደገና አነበብነው። እንደ ድርሰት ከታየ ጉድለት አለበት፤ አንቀጾቹ እርስ በርሳቸው አልተያያዙም፤ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ አይለይም። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ድርሰት መካከል በዓይኑ ያየውን የጻፈ እርሱ ብቻ ነበር። ታዲያ ከርእሱ የወጣው ማን ነው? ልጁ ነው ወይስ ትምህርታችን?

ይህን ለመመለስ በመጀመሪያ ሌላውን ወገን መስማት ይገባል። ባሁኑ ጊዜ ስለ ፀሐይ ኃይል ጉዳት የሚጽፉ ሰዎች እየበዙ መጥተዋል። ሁሉም ማለት ይቻላል ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ ሰሌዳው ነው። ዓለም አቀፉ የታዳሽ ኃይል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ግምት መሠረት እስከ 2050 ድረስ የሚከማቸው ያረጀ የፀሐይ ሰሌዳ እስከ 78 ሚሊዮን ቶን ሊደርስ ይችላል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፤ ለጋዜጣ ርእስም ይመቻል። በሳይንስ ክበብ ዐውደ ርእይ ላይም የተሰባበሩ ሰሌዳዎች ተራራ ሠርተው የሚያሳይ ሥዕል ተለጥፎ አይተናል። ሥዕሉ ሐሰት ነው አንልም። ይሁን እንጂ ሰሌዳው ከምን እንደ ተሠራ ሳይመረመር በሥዕል ብቻ መደንገጥ ለሳይንስ ክበብ አይገባም።

እንግዲህ እንፍታው። ዛሬ በገበያ የሚገኘው አብዛኛው ሰሌዳ ከሲሊከን የሚሠራ ነው። ከክብደቱ ሦስት አራተኛ ያህሉ መስተዋት ነው፤ ዙሪያውን የያዘው ክፈፍ አሉሚኒየም ነው፤ ከመስተዋቱ ሥርና ከጀርባው የፕላስቲክ ንጣፍ አለ፤ ሲሊከኑ ራሱ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም። ከዚያ በኋላ ጥቂት መዳብ፣ እጅግ ጥቂት ብር፣ ቀጫጭን ሽቦዎቹ በተበየዱበት ላይ ደግሞ ጥቂት እርሳስ ይገኛል። ይህን መልሶ ለመለያየት የሚያስቸግረው መርዝነቱ አይደለም፤ አሠራሩ ነው። መስተዋቱና ሲሊከኑ በፕላስቲክ ሙጫ እንደ ሳንድዊች ተጣብቀዋልና፣ ለብዙ ዓመት ፀሐይና ዝናብ እንዲችል ተብሎ የተጣበቀውን ለመፍታት ሙቀት፣ ወፍጮ ወይም ኬሚካል ያስፈልጋል። ወጪው ከሚገኘው ዕቃ ዋጋ ስለሚበልጥ ማንም በፈቃዱ አይነካውም። የአውሮፓ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2012 ሕጋቸውን አሻሽለው ሰሌዳውን የሚያመርተውና የሚያስመጣው ክፍል ሲያረጅ እንዲሰበስበው ያስገደዱትም ለዚህ ነው። ፈረንሳይ በ2018 በሩሴ ከተማ ለዚሁ ሥራ የተለየ ፋብሪካ ከፍታለች። ካድሚየም ያለባቸው ስስ ሰሌዳዎችም አሉ፤ እነዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ፤ ነገር ግን በየቤቱ ጣሪያ ላይ የምናያቸው በአብዛኛው እነሱ አይደሉም።

ሰሌዳው በዚያ ላይ ከ25 እስከ 30 ዓመት ያገለግላል። ስለዚህ ዛሬ የተሰቀለው የሚወርደው የዛሬው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የልጆች አባት በሆነ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ደረጃው ሥር እንውረድ፤ የሒሳብ መምህራንም ይከተሉን። በአንድ ሰሌዳ ብየዳ ላይ ያለው እርሳስ ከ10 እስከ 15 ግራም ቢሆን ነው። በአንጻሩ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ አንድ የእርሳስ ባትሪ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ከዚህም ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስና የእርሳስ ውሑድ ነው። በዝቅተኛው እንያዝና 15 ኪሎ እንበል። እንግዲህ በአንድ ባትሪ ውስጥ የአንድ ሺህ ሰሌዳ እርሳስ አለ ማለት ነው። በአል-ጣኢፉ ቤት ጣሪያ ላይ የነበሩት ስድስቱ ሰሌዳዎች በድምሩ 90 ግራም እርሳስ ሲይዙ፣ ከደረጃው ሥር የነበሩት አራት ባትሪዎች 60 ኪሎ ይይዛሉ። ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ባትሪው በየሦስት ዓመቱ ይለወጣል ብለን በቸርነት ብንገምት፣ ሰሌዳው ዕድሜውን እስኪጨርስ ድረስ ስምንት ዙር ባትሪ ያልፋል። ይህም 32 ባትሪ፣ ወደ 480 ኪሎ እርሳስ መሆኑ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ የ90 ግራሙን ሥዕል ግድግዳ ላይ ለጥፈን የ480 ኪሎውን ወሬ የጻፈውን ልጅ በቀይ ቀጣነው።

እዚህ ላይ ከመንገዳችን ጥቂት ወጣ ብለን የምንናገረው አለ። በአማርኛችን ተማሪው የሚጽፍበትም፣ ባትሪው የሚሠራበትም «እርሳስ» ይባላል። ብዙ ተማሪዎች የሚጽፉበት እርሳስ ከብረቱ የተሠራ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ ግራፋይት የሚባለው የካርቦን ዓይነት ነው፤ ቢያኝኩት እንኳ የእርሳስ መርዝ የለበትም። ይህን በክፍል ውስጥ ማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ካልተነገራቸው ግን ስለ እርሳስ መርዝ ስንናገር ይስቁብናል። ስቀውብናልም።

ባትሪው ለምን ቶሎ ይሞታል? ለክፍል የሚሆን ግሩም ጥያቄ ነው። በውስጡ አንዱ ሰሌዳ ንጹሕ እርሳስ፣ ሌላው የእርሳስ ኦክሳይድ ሲሆን፣ ሁለቱም በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ቆመዋል። ኃይሉ ሲወሰድ ሁለቱም ወደ እርሳስ ሰልፌት ይለወጣሉ፤ ሲሞላ ይመለሳሉ። እስከ መጨረሻው ጠጥተውት ሳይሞላ ካሳደሩት ግን ሰልፌቱ ይጠነክርና አይመለስም። ለመኪና ማስነሻ የተሠራ ባትሪ ደግሞ ለአፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ አምፖል እንዲያበራ አልታሰበም። ሆኖም ርካሽ ስለሆነ ለሶላር ይገዛል። ሙቀትም አለ። በባትሪ ሙያተኞች ዘንድ የታወቀ ግምት እንደሚለው ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ 10 ዲግሪ የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ካርቱም በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ በላይ የምትውል ከተማ ናት። የልጁ ባትሪዎች በሁለተኛው ዓመት መሞታቸው ልጁ እንደ ጠረጠረው የሻጩ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል፤ የተበላሸ እንቁላል ሽታውም ከመጠን በላይ የተሞላና የጋለ ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ ነው። ከዚያ አጠገብ ሕፃን አይተኛም። ይህን ልንነግረው ሲገባን ነጥብ ነሣነው።

ካርቱምን የምናነሣው ለልጁ ስንል ብቻ አይደለም። ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በከተማይቱ የመብራት መስመር ላይ የደረሰው ጥፋት ከባድ ነው። ትራንስፎርመሮች ተቃጥለዋል፤ የመዳብ ገመድ ከምድር ሳይቀር እየተነቀለ ተሸጧል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የመረዌ ግድብ ኃይል ማመንጫ በድሮን ተመትቶ ብዙ አውራጃዎች ጨለሙ። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ካርቱምን መልሶ ከያዘ በኋላ ወደ አል-ጣኢፍና ወደ ሌሎቹ ሰፈሮች የሚመለሰው ሰው መስመሩ እስኪጠገን አይጠብቅም። የውኃ ጉድጓዱን፣ ክሊኒኩን፣ ቤቱን በሶላር ያንቀሳቅሳል። ማንም አይፈርድበትም፤ እኛም ብንሆን ይህንኑ እናደርግ ነበር። ለጉድጓዱ ፓምፕ ባትሪ አያስፈልገውም፤ ፀሐይ ሲወጣ ውኃውን ወደ ታንከር ይገፋዋል። ለክሊኒኩና ለቤቱ ግን ሌሊት አለ፤ ሌሊት ያለበት ሁሉ ባትሪ አለበት። በአንድ ጊዜ ተገዝቶ የገባ ባትሪ ደግሞ በአንድ ጊዜ ያረጃል። ያን ጊዜ ባለ ጋሪው ሥራ አያጣም።

ስለ ባለ ጋሪው ሲነሣ ብዙዎቻችን «እሱማ ደግ አደረገ፤ መልሶ መጠቀም ማለት ይህ አይደለምን?» እንላለን። ከሂሳችን ሁሉ ዋናው እዚህ ላይ ነው። መልሶ መጠቀም የሚለውን ቃል በክፍላችን እንደ ጸሎት እናስደግመዋለን፤ እንዴት የሚለውን ግን አንጠይቅም። በዓለም ላይ ከእርሳስ ባትሪ የበለጠ ተሰብስቦ እንደገና ሥራ ላይ የሚውል ዕቃ ማግኘት ያስቸግራል፤ በአሜሪካ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ያህሉ ይሰበሰባል። ነገር ግን የተዘጋ ምድጃ፣ የጭስ ማጣሪያና የሠራተኛ ደም ምርመራ ባለበት ፋብሪካ ማቅለጥና በግቢ ውስጥ በከሰል ማቅለጥ ስማቸው አንድ ሆኖ ግብራቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የከሰል እሳት ይበቃዋል። ችግሩም ይኸው ነው። ብረት ለማቅለጥ አቅም የሌለው ሰው እርሳስን በድስት ያቀልጣል።

በሴኔጋል ዋና ከተማ በዳካር አጠገብ፣ ቲያሮይ ሱር ሜር በሚባል ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 ባሉት ጥቂት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። መጀመሪያ ወባ ወይም ሌላ በሽታ የተጠረጠረ ቢሆን የሚያስገርም አልነበረም፤ ምርመራ ሲደረግ ግን እርሳስ ሆኖ ተገኘ። ሰፈሩ የቆየ የባትሪ መስበሪያ ነበረ። የእርሳስ ዋጋ ሲወደድ ነዋሪው፣ በተለይም እናቶች፣ አፈሩን እየቆፈሩና እየነፉ ፍርፋሪውን ይሸጡ ጀመር። አፈሩም በጆንያ ተሞልቶ ቤት ገባ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ ነው፤ እናቶቹ ግን የጎረጎሩት ለልጆቻቸው ጉርስ ብለው ነበር።

ፋብሪካ ስለተባለ ብቻ ደግሞ ደኅና ነው ማለት አይደለም። በኬንያ በሞምባሳ፣ ኦዊኖ ኡሁሩ በሚባል መንደር አጠገብ ያረጁ ባትሪዎችን የሚያቀልጥ ድርጅት ነበረ። ፊሊስ ኦሚዶ የተባለች በዚያው ተቀጥራ የነበረች ሴት የሚያጠባው ልጇ ታሞ ደሙ ሲመረመር እርሳስ ተገኘበት። ሥራዋን ትታ መንደርተኛውን አሰባሰበች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የጎልድማን የአካባቢ ሽልማት ተሰጣት፤ በ2020 ፍርድ ቤት ለመንደሩ ነዋሪዎች 1.3 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሣ ፈረደ። በማላዊ ደግሞ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሶላር ባትሪ ጠጋኞችን ሥራ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ባትሪ በዚህ መንገድ ሲታደስ ከ3.5 እስከ 4.7 ኪሎ እርሳስ ወደ አካባቢው እንደሚበተን ለክተዋል። ልብ በሉ፤ ይህ የተጣለ ባትሪ አይደለም፤ «መልሶ ጥቅም ላይ የዋለ» ባትሪ ነው።

ለሕፃን የሚበቃው ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። በአንድ ዴሲሊትር ደም 5 ማይክሮግራም ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ያዛል። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። የሚጎዳውም አእምሮን ነው፤ ትኩረት ይቀንሳል፤ ንባብ ይከብዳል፤ ቁጡነት ይመጣል። የተጎዳውም አይመለስም። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2020 እንዳስታወቀው ከዓለም ሕፃናት ከሦስቱ አንዱ፣ እስከ 800 ሚሊዮን የሚደርሱ፣ ደማቸው ከዚህ መጠን ላይ ደርሷል ወይም አልፏል። እኛ «ሰነፍ ነው፣ አይቀመጥም፣ አይሰማም» ብለን ከምናባርራቸው ልጆች መካከል የዚህ ሰለባ የሆነ የለም ብሎ የሚምል መምህር ካለ ይማል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የፀሐይ ኃይል ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሚቶ በተባለች መንደር 10.5 ኪሎዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተተክሎ 300 ያህል ቤተ ሰቦችን አብርቷል፤ በ1989 ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ የውኃ ፓምፕና ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተደርጓል። የገጠር ስልክ ጣቢያዎችም ለብዙ ዓመት የሠሩት በፀሐይ ነው። በሰሜን ሸዋ በምትገኘው ሬማ ደግሞ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ በርካታ የገጠር ቤቶች ትናንሽ የሶላር መብራት ገብቶላቸው፣ እዚያው የሶላር ጥገና የሚያስተምር ትምህርት ቤት ተከፈተ። የሬማ ሥራ የሚመሰገንበት አንዱ ነገር ይህ ይመስለናል፤ ዕቃውን ሰጥቶ ከመሄድ ይልቅ የሚጠግነውን ሰው እዚያው ማሠልጠኑ ነው። አብዛኛው የሶላር ስጦታ ግን እንዲህ አይደለም። ሪባን ይቆረጣል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ሰሌዳውና የመጀመሪያው ባትሪ ይቆጠራል። ስለ ሁለተኛው ባትሪ ውሉ ዝም ይላል፤ ስለ አሮጌውማ ማን አንሥቶ!

አሮጌውን የሚያነሣው ቁራሌው ነው። ቁራሌውን አንወቅስም። በአዲስ አበባ ምናለሽ ተራ የሚሠራውን ሥራ ያየ ሰው፣ ከበርሜል ምጣድ፣ ከጎማ በርጩማ፣ ከቆርቆሮ ፋኖስ የሚያወጣውን እጅ ከማክበር በቀር ምንም ሊል አይችልም። ይህ እጅ ማንም ሳይነግረው መልሶ መጠቀምን ያስተማረን እጅ ነው። ነገር ግን ከምጣዱ ጋር አብሮ ባትሪ ሲሰበር ይኸው እጅ ነው የሚመረዘው። ቁራሌው የሚመራው በመመሪያ አይደለም፤ በዋጋ ነው። ዋጋ ያለው ሁሉ ይፈታል፤ ዋጋ የሌለው ሁሉ ገደል ይገባል። እርሳስ ዋጋ ስላለው በየግቢው ይሰበራል። የፀሐይ ሰሌዳ ከአሉሚኒየም ክፈፉ በቀር ዋጋ ስለሌለው ክፈፉ ተወስዶ መስተዋቱ ይጣላል። አሁን እየተስፋፋ ያለው የሊቲየም ባትሪ ደግሞ እርሳስ የለበትም፤ ዕድሜውም ይረዝማል፤ መልካም ነው። ሆኖም ሲሞት የሚገዛው የለም፤ ከተበሳም በእሳት ይነሣል። ስለዚህ ለእርሱ የሚያስፈልገው ሕግ ሌላ ነው። ሦስቱን በአንድ ቃል «የሶላር ቆሻሻ» ብሎ ማስተማር ትክክል አይመስለንም።

አሁን ደግሞ ቀሪውን ግለ ሂስ እንጨርስ። ከዓመታት በፊት ስሙን በማናነሣው አንድ ትምህርት ቤት ስናስተምር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሶላር ባትሪዎች ሞተው በጨረታ እንዲሸጡ ተወሰነ። ገዢው በደረቅ ክብደት እንጂ ከነውኃው አልገዛም አለ። እኛም ሁለት ጠንካራ ተማሪዎች መርጠን «ከአጥሩ ሥር ድፉት» አልናቸው። ልጆቹ ደፉት። በማግስቱ የአንደኛው ሱሪ ጉልበቱ ላይ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ መጣ፤ ሁላችንም ሳቅን፤ በሽያጩ ገንዘብ ጠመኔና የእግር ኳስ ተገዛ። ያ ፈሳሽ ቆዳ የሚያቃጥል አሲድ ብቻ አልነበረም። ከሰሌዳዎቹ የረገፈው የእርሳስ ጭቃ አብሮት ወጥቷል። አሲዱ አፈሩ ውስጥ በጊዜ ይረክሳል፤ እርሳሱ ግን የትም አይሄድም። ከአጥሩ ማዶ የሰው ጓሮ ነበር። ጎመን ይተከልበት ነበር።

የአል-ጣኢፉ ልጅ የጻፈውና እኛ ያደረግነው አንድ ነው። እርሱ ያየውን ጻፈ፤ እኛ ያደረግነውን ረሳን።

ምን ይደረግ ለሚለው መምህር ከትምህርት ቤት አጥር የማይወጣ ጥቂት ነገር አለን። የሞተ ባትሪ አይከፈት፤ ፈሳሹ አይደፋ፤ ከነፈሳሹ ቀጥ ብሎ በጣውላ ላይ ይቀመጥ፤ ከተማሪ መማሪያና ከምግብ ቤት ይራቅ። ሲሸጥም ሙሉውን ለሚወስድ እንጂ ለሚሰብር አይሁን። ተማሪ እንዲሸከም፣ እንዲያጥብ፣ እንዲደፋ ከቶ አይታዘዝ። አዲስ ባትሪ ሲገዛ አሮጌውን መልሶ የሚቀበል ሻጭ ይፈለግ። የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ባዶውን ካልመለሱ መያዣ እንደሚያስከፍል ሕፃን እንኳ ያውቃል። ለጠርሙስ የተቻለው ለባትሪ ለምን አይቻልም? አገራችን የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010 የሚባል አላት። አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር የተቀባዩ አገር ፈቃድ አስቀድሞ እንዲጠየቅ የሚያዝዘውን የባዝል ስምምነት ከፈረሙት መካከልም ናት። እነዚህን የሥነ ዜጋ መምህራን ወደ ክፍል ቢያስገቧቸው፣ ተማሪው ሕግ ማለት ወንጀል ብቻ አለመሆኑን ያያል።

በክፍል ውስጥስ? «ፀሐይ ንጹሕ ናት» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ይሰረዝ አንልም። ከናፍጣ ጀነሬተርና ከኩራዝ ጭስ ጋር ሲወዳደር እውነት ነው፤ በኩራዝ ያጠና ሰው ያውቀዋል። የምንጠይቀው ዐረፍተ ነገሩ እንዲቀጥል ነው። ፀሐይ ንጹሕ ናት፤ መስተዋቱ ይሰበራል፤ ባትሪው ይሞታል፤ የሞተው ወዴት ይሄዳል? ይህን ጥያቄ ያልያዘ የፈተና ወረቀት ሊታረም ይገባዋል፤ የእኛም ጭምር።

ድርሰቱን እንደገና አርመን «ከርእሱ ወጥተሃል» የሚለውን ሰርዘነዋል። 8 ከ10 ሰጠነው፤ ሁለቱን ያጎደልነው በሀና በሐ ምክንያት ነው፤ እርሱ ላይ አልተደራደርንም። ወረቀቱን ስንመልስለት አመስግኖ ሲያበቃ፣ «መምህር፣ ዕቃ ቤት ያሉትን ሦስቱን ማን ሊወስዳቸው ነው?» ሲል ጠየቀ። ሙሉውን የሚወስድ ገዢ ገና አላገኘንም። ባትሪዎቹ አሁን በጣውላ ላይ ቆመዋል፤ በላያቸው «አይከፈት» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል፤ ጽሑፉ የልጁ ነው፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ግን በእኛ እጅ ነው።